ኮፈን ላይ ስኩፕ ሰርቶ ቀዝቃዛ አየር ወደ ሞተር ማስገባት፦ ከልኬቱ እስከ ቀለሙ

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። አፉን ወደፊት የከፈተ ስኩፕ (አየር የሚያስገባ ጉብታ) ኮፈን ላይ ሲታይ ብዙ ሰው "መኪናው ሲበር ነፋሱን ጠቅጥቆ ወደ ሞተር ይገፋዋል፣ በነፃ የተገኘ ቱርቦ ነው" ብሎ ነው የሚያስበው፣ እኔም የመጀመሪያውን ስጀምር እንደዛ ነበር የማስበው፣ ሂሳቡን ስትሰሩት ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሰዓት 100 ኪ.ሜ ስትነዱ የሚመጣው ነፋስ ስኩፑ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ቢቆምና ፍጥነቱ በሙሉ ወደ ግፊት ቢቀየር የምታገኙት 460 ፓስካል አካባቢ ነው፣ የከባቢ አየር ግፊት ደግሞ ባህር ጠለል ላይ 101,300 ፓስካል ነው፣ ስለዚ ትርፉ ግማሽ ፐርሰንት እንኳን አይሞላም። በ160 ኪ.ሜ 1.2 ፐርሰንት አካባቢ፣ በ200 ኪ.ሜ 1.8 ፐርሰንት አካባቢ ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፣ ለዛ ነው ራም ኤር፣ ማለትም በፍጥነት የሚመጣውን ነፋስ ወደ ሞተር መጠቅጠቅ፣ በጣም ፈጣን ነገሮች ላይ ትርጉም የሚኖረው፤ ካዋሳኪ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው ዜድ ዜድ አር 1100 ሞተር ሳይክል ላይ የገባው በምክንያት ነው፣ በ280 ኪ.ሜ አካባቢ ስትሄዱ ትርፉ እስከ 3.6 ፐርሰንት ይደርሳላ።

ታዲያ ለምን እንለፋለን? በሙቀቱ ምክንያት። ኮፈን ስር ያለው አየር ራዲያተሩንና የጭስ ማውጫውን እየነካ ስለሚቆይ በቀላሉ 60 ዲግሪ ይገባል፣ ውጪ ያለው 30 ዲግሪ ከሆነ የውጪው አየር በዛው ግፊት 10 ፐርሰንት ያህል የታመቀ ነው፣ ማለትም እኩል ሊትር አየር ውስጥ ያን ያህል ተጨማሪ ኦክሲጅን አለ። ይሄ ሁሉ ጉልበት ሆኖ ጎማ ላይ አይደርስም፣ ምክንያቱም አየሩ በጋለው ማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ሲያልፍ መልሶ ይሞቃል፣ ግማሹ ቢቀር እንኳን ግን ከነፋሱ ግፊት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዛ ላይ አየሩ ሲቀዘቅዝ የቤንዚን ሞተር ኖክ የማድረግ፣ ማለትም ነዳጁ ያለጊዜው ተቀጣጥሎ የማንኳኳት ፀባዩ ይቀንሳል፣ ዘመናዊ ኮምፒውተር ያለው መኪናም ኢግኒሽኑን ወደኋላ አይጎትትም። ስለዚ ከዚህ በታች የምታነቡት ሁሉ ዋና አላማው ነፋስ መጠቅጠቅ ሳይሆን ከውጪ የገባው ቀዝቃዛ አየር ኮፈን ስር ካለው ትኩስ አየር ጋር ሳይቀላቀል ፊልትሮው ጋ እንዲደርስ ማድረግ ነው። ስኩፑ የሚታየው ክፍል ነው፣ ስራውን የሚሰራው ግን ከስሩ ያለው ማሸጊያ ነው፣ ማሸጊያው ካልተሰራ የሰራችሁት ጌጥ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ቶሎ ልበል፣ ኮፈናቸው ላይ ቀዳዳ ያላቸው አንዳንድ መኪኖች፣ ለምሳሌ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ፣ ስኩፑ አየር የሚሰጠው ለፊልትሮ ሳይሆን ሞተሩ ላይ ለተቀመጠው ኢንተርኩለር፣ ማለትም ከቱርቦ የወጣውን ትኩስ አየር ለሚያቀዘቅዘው ክፍል ነው። የእናንተም መኪና ቱርቦ ከሆነና ኢንተርኩለሩ ከላይ ከተቀመጠ ይሄ መመሪያ ሙሉ በሙሉ አይመለከታችሁም፣ የፋይበሩ አሰራርና የኮፈን አቆራረጡ ግን አንድ ነው።

ሳትቆርጡ በፊት ለኩ

ይሄን ክፍል እንዳትዘሉት። ብዙ የአሁን መኪኖች ፋብሪካው ራሱ አየሩን ከፊት ግሪል ጀርባ ወይ ከፓራፋንጎው ውስጥ ነው የሚያስገባው፣ ማለትም ቀዝቃዛ አየር ቀድሞም ያገኛሉ፣ እንደዛ ከሆነ ኮፈኑን መቁረጥ ትርፍ የለውም። ለማወቅ ርካሽ የኦቢዲ (የመኪናውን ኮምፒውተር መረጃ የሚያነብ) ብሉቱዝ አዳፕተር ሰክታችሁ ስልክ ላይ የሚገባውን አየር ሙቀት አንብቡ። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ክፍት መንገድ ላይ በአንድ ፍጥነት፣ በ80 በሉት፣ 10 ደቂቃ ያህል ነድታችሁ ቁጥሩን ፃፉ፣ የውጪውንም ሙቀት ፃፉ። ልዩነቱ 5 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ መኪናችሁ ጤነኛ ነው፣ ተዉት። ልዩነቱ 15፣ 20፣ ከዛም በላይ ከሆነ ስራው ዋጋ አለው። ቆማችሁ ወይ ጭንቅንቅ ውስጥ ሆናችሁ ያነበባችሁትን ቁጥር አትጠቀሙበት፣ ቆሞ ሲሆን ሴንሰሩ ራሱ ከሞተሩ ሙቀት ስለሚጠጣ ሁሉም መኪና ላይ ከፍ ይላል።

ሁለተኛው ልኬት ፊልትሮውና ቱቦዎቹ አየሩን ምን ያህል እንደሚያንቁት ነው። 6 ሚሊ ውፍረት ያለው የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ 4 ሜትር ያህል ግዙ፣ አንዱን ጫፍ አካባቢ በ"ዩ" ቅርፅ አጥፋችሁ ማስመሪያ ያለበት ጣውላ ላይ እሰሩት፣ ግማሽ ድረስ ቀለም የገባበት ውሃ ሙሉበት፣ ረጅሙን ጫፍ ከፊልትሮው በኋላ ከትሮትሉ (ነዳጅ ስትረግጡ ከሚከፈተው የአየር በር) በፊት ባለው ቱቦ ላይ በትንሽ ቀዳዳ አስገቡትና ጣውላውን መኪና ውስጥ ጓደኛችሁ ይያዘው። ሙሉ ነዳጅ ስትሰጡና ሞተሩ ወደላይ ሲዞር በሁለቱ እግሮች መሀል ያለውን የውሃ ከፍታ ልዩነት ያንብብ፤ 10 ሳ.ሜ ውሃ ማለት ወደ 1,000 ፓስካል ነው። ተጠንቀቁ፣ ቱቦውን ከትሮትሉ በኋላ ማኒፎልዱ ላይ እንዳትሰኩት፣ እዛ ያለው ቫክዩም ሀይለኛ ስለሆነ ውሃውን በአንድ ትንፋሽ ሞተር ውስጥ ይከተዋል። አሁን አስቡት፣ ይሄ ማኖሜትር የሚባለው የውሃ ቱቦ 20 ሳ.ሜ ቢያሳያችሁ 2,000 ፓስካል እያጣችሁ ነው ማለት ነው፣ ስኩፑ በ100 ኪ.ሜ ሊሰጣችሁ የሚችለው ግን ቢበዛ 4.7 ሳ.ሜ ነው። ስለዚ ሰፋ ያለ ፊልትሮና ያልተጠማዘዘ ቱቦ ከስኩፑ አፍ በላይ ሊሰጣችሁ ይችላል፣ ሁለቱን አንድ ላይ መስራት ነው የሚሻለው።

የት ይቀመጥ

ነፋስ ኮፈን ላይ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። የኮፈኑ የፊት ጠርዝ ላይ አየሩ ሲታጠፍ ስለሚፈጥን ግፊቱ ዝቅ ይላል፣ እዛ ላይ ዝም ብሎ ቀዳዳ ብትከፍቱ አየር ከመግባት ይልቅ ሊወጣ ይችላል። የፊት መስታወቱ ስር ደግሞ ነፋሱ መስታወቱን መትቶ ስለሚዘገይ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ሼቭሮሌ የ1969 ካማሮ ላይ አፉን ወደኋላ ወደ መስታወቱ ያዞረ ኮፈን የሰራው ለዚህ ነው። ፎርድ በዛው ዓመት ሙስታንግ ላይ ያወጣው "ሼከር" የሚሉት ደግሞ ሌላ ዘዴ ነው፣ ስኩፑ ሞተሩ ላይ ታስሮ በኮፈኑ ቀዳዳ ብቅ ይላል፣ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ስሙም ከዛ መጣ። የሼከሩ ሀሳብ ደስ የሚለው የማሸጊያውን ጣጣ ግማሹን ስለሚያስቀር ነው፣ ከባዱ ጎኑ ቀዳዳው ትልቅ መሆኑና ውሃ መግባቱ ነው።

በእጅ ለሚሰራ ስራ ሁለት ጥሩ ምርጫ ነው ያለው። አንደኛው ከኮፈኑ መሀል ትንሽ ወደኋላ፣ አፉ ወደፊት፣ የአፉ ታችኛ ከንፈር ከኮፈኑ ወለል 2 ሳ.ሜ ከፍ ያለ። ይሄ 2 ሳ.ሜ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፣ ኮፈኑን እየላሰ የሚሄደው አየር በሰበቃ የዘገየ ነው፣ በ100 ኪ.ሜ ፍጥነት አንድ ሜትር ከተጓዘ በኋላ የዚህ የዘገየ ንብርብር ውፍረት 2 ሳ.ሜ አካባቢ ይደርሳል፣ አፉ ከሱ በላይ ሲሆን ንፁህ ነፋስ ያገኛል። ሁለተኛው አፉ ወደ መስታወቱ የዞረ፣ ከመስታወቱ ስር ቅርብ የሆነ። ዝናብ የሚበዛበት ቦታ ከሆናችሁ ሁለተኛውን ነው የምመክረው፣ ነፋሱን በአፍ ስለማይቀበል ውሃውም በቀጥታ አይገባም።

ለማረጋገጥ 8 ሳ.ሜ የሆኑ የሱፍ ክሮች በወረቀት ፕላስተር ኮፈኑ ላይ በየ15 ሳ.ሜው ለጥፋችሁ ሌላ ሰው እየነዳ ከጎን መኪና ላይ ቪዲዮ አንሱ። ክሩ ቀጥ ብሎ የተኛበት ቦታ ነፋሱ ተረጋግቷል፣ የሚሽከረከርበት ወይ ወደፊት የሚመለስበት ቦታ አፉ ወደፊት ለሆነ ስኩፕ አይሆንም።

የአፉ ስፋት

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ያበላሻል፣ ትልቅ አፍ የተሻለ ይመስለዋል። ሞተሩ ከሚፈልገው በላይ የሆነው አየር በጠርዙ ተመልሶ ይፈሳል፣ ትርፉ ነፋስ መጎተትና የውሃ ብዛት ብቻ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ባለ 4 ምት ሞተር በሁለት ዙር አንዴ ነው የሚተነፍሰው፣ ስለዚ 2 ሊትር ሞተር በ6,000 ዙር፣ 2 ሲባዛ በ6,000 ሲካፈል ለ2፣ በደቂቃ 6,000 ሊትር ማለትም በሰከንድ 100 ሊትር ነው፣ በተግባር ደግሞ ሲሊንደሩ ሙሉ ስለማይሞላ ከዚህ 80 ወይ 90 ፐርሰንቱን ነው የሚወስደው። በ100 ኪ.ሜ ነፋሱ በሰከንድ 27.8 ሜትር ይመጣል፣ 100 ሊትሩን ለማሳለፍ የሚበቃው አፍ 36 ካሬ ሳ.ሜ ነው። ትንሽ ጭማሪ ስጡና ከ50 እስከ 55 ካሬ ሳ.ሜ አድርጉት፣ 18 በ3 ሳ.ሜ ማለት ነው። ለራሳችሁ ሞተር በዚሁ ቀመር ቀይሩት።

ከአፉ በኋላ ቱቦው ቀስ እያለ ይስፋ፣ አየሩ የሚዘገየውና ግፊት የሚሆነው እየሰፋ ሲሄድ ነው፣ ግን በእያንዳንዱ ጎን ከ7 ዲግሪ በላይ አትክፈቱት፣ ከዛ በላይ አየሩ ከግድግዳው ይላቀቅና ይሽከረከራል፣ ያገኛችሁትም ይጠፋል። የአፉ ከንፈር ስለት አይሁን፣ 5 ወይ 6 ሚሊ ክብ አድርጉት፣ ለአየሩም ይሻላል፣ ሰው ቢገጭም አይቆርጥም።

ከዛ በካርቶን ሰርታችሁ ኮፈኑ ላይ አስቀምጡት፣ የሹፌር ወንበር ላይ ቁጭ በሉና እዩ። መንገዱን፣ የቀኝ ጥጉን፣ ከፊታችሁ ሊቆም የሚችል ትንሽ ልጅ የሚታይበትን ቦታ ከከለለ ዝቅ አድርጉት፣ ይሄ ላይ ድርድር የለም። ሰውነት ላይ የሚደረግ ለውጥ በአመታዊ ምርመራ ያልፍ እንደሆነም በምትኖሩበት ቦታ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ኮፈን ከተቆረጠ በኋላ መመለስ የለም።

ከኮፈኑ ስር ያለው ቦታ

ኮፈኑ ከስር የጎድን አጥንት የመሰሉ ማጠናከሪያዎች አሉት፣ እነሱ ኮፈኑ እንዳይርገበገብና ግጭት ሲመጣ በታሰበለት ቦታ እንዲታጠፍ ያደርጉታል። እነሱን አትንኩ፣ ቀዳዳው በሁለት ጎድኖች መሀል ባለው ስስ ላሜራ ላይ ይሁን፣ የመቆለፊያውን አካባቢም ራቁት። በሞተሩና በኮፈኑ መሀል ያለውን ክፍተት ለመለካት የልጆች ፕላስቲሲን እንደ ተራራ አድርጋችሁ ሞተሩ ላይ አስቀምጡ፣ በላዩ ቀጭን ላስቲክ አልብሱትና ኮፈኑን ቀስ ብላችሁ ዝጉት፣ ስትከፍቱት የተጨፈለቀው ውፍረት ልካችሁ ነው። ሞተሩ በጎማ መያዣዎቹ ላይ ስለሚወዛወዝ ከ2 እስከ 3 ሳ.ሜ ነፃ ቦታ ተዉለት።

ፋይበሩን መስራት

ለአንድ ስኩፕ ሙሉ ፎርም መስራት ብዙ ድካም ነው፣ እኔ የምመርጠው ቅርፁን በፎም ቀርፆ በላዩ ፋይበር መጣል ነው፣ ላይኛው ገፅ ትንሽ ተጨማሪ ስቱኮ ይፈልጋል፣ በዛው ያልቃል።

ኮፈኑን እዛው መኪናው ላይ እያለ በደንብ እጠቡት፣ ቀለሙን በወፍራም ላስቲክና በካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር አልብሱት፣ ከዛ ፎሙን በዛ ላይ አስቀምጣችሁ ቅረፁ፣ እንዲህ ሲሆን የስኩፑ ስር ከኮፈኑ ጉብታ ጋር ልክ ይገጥማል። በየአቅጣጫው 3 ሳ.ሜ የሚተኛ ክንፍ እንዲኖረው አስቡ፣ ብሎኑም ማጣበቂያውም እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ፎሙ ፖሊዩሪታን ይሁን፣ ነጩ የማሸጊያ ፎም ማለትም ፖሊስታይሪን ፖሊስተር ሬዚን ሲነካው እንደ ስኳር ነው የሚሟሟው፣ እሱ ብቻ ካላችሁ አንድም ክፍተት ሳትተዉ በፕላስተር ጠቅልሉት ወይም ኢፖክሲ ተጠቀሙ። የፎሙን ማዕዘኖች ሁሉ አዙሯቸው፣ የፋይበር ምንጣፍ በስለታም ጠርዝ ላይ አይታጠፍም፣ ይነሳና ከስሩ አየር ይቀራል። በመጨረሻ ሙሉውን በፕላስተር አልብሱና ሁለት ሶስት ጊዜ ሰም ቀቡት።

ሬዚኑ ጋ ስትደርሱ ረጋ በሉ። ሃርድነሩ ኤም.ኢ.ኬ.ፒ የሚባል ፐርኦክሳይድ ነው፣ አንድ ጠብታ አይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል፣ ስለዚ ሙሉ የሚሸፍን መነፅር ሳታደርጉ ክዳኑን እንኳን አትክፈቱ። ከገባ ወዲያው ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ እጠቡና ሃኪም ጋ ሂዱ። ኮባልት የሚባለው ማፍጠኛ ለብቻው ከመጣላችሁ ከሃርድነሩ ጋር በቀጥታ በፍፁም አትቀላቅሉት፣ ይፈነዳል፣ መጀመሪያ አንዱን ከሬዚኑ ጋር በደንብ አዋህዳችሁ ነው ሌላውን የምትጨምሩት፣ ባይሆን ኮባልቱ ቀድሞ የተቀላቀለበትን ሬዚን ግዙ። ጓንት፣ ለኬሚካል ጋዝ የሚሆን ካርትሪጅ ያለው ማስክ፣ ክፍት ቦታ። የአቧራ ማስክ የስታይሪን ሽታ አያቆምም።

ምንጣፉ በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝነው ይሁን፣ አንዱ ንብርብር 1 ሚሊ አካባቢ ይሆናል፣ 3 ንብርብር ይበቃል። የሬዚኑ ክብደት ከምንጣፉ ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ ነው፤ ግማሽ ካሬ ሜትር በ3 ንብርብር 675 ግራም ምንጣፍ ነው፣ ስለዚ አንድ ኪሎ ተኩል ሬዚን ይበቃችኋል። ሃርድነሩ ከ1 እስከ 2 ፐርሰንት ነው፣ የቆርቆሮው ፅሁፍ ላይ ያለውን ተከተሉ፣ በ200 ግራም ሬዚን 3 ግራም ማለት 1.5 ፐርሰንት ነው። 200 ግራም 200 ግራም እያረጋችሁ ብቻ ቀላቅሉ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ መወፈር ይጀምራል፣ ብዙ አንድ ላይ ከቀላቀላችሁ ራሱን እያጋለ ይጨሳል፣ የተረፈውን ከወረቀትና ከጨርቅ አርቁ። ቶሎ እንዲደርቅ ብላችሁ ሃርድነር አትጨምሩ፣ ይሰነጠቃል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው ደስ የሚለው።

መጀመሪያ ሬዚን ቀቡ፣ ምንጣፉን አስቀምጡ፣ ከላይ በብሩሽ እየወጋችሁ አጥግቡት፣ አትጎትቱት ክሩ ይነሳል። ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ አየር አለበት ማለት ነው፣ በሩሎ እየተጫናችሁ ወደ ጠርዝ አስወጡት። የምንጣፉን ጠርዝ በመቀስ ከመቁረጥ በእጅ ቅደዱት፣ የተቀደደው ክር እርስ በርሱ ስለሚጠላለፍ መገናኛው አይታይም። 24 ሰዓት ተዉት፣ ከዛ ከኮፈኑ አንሱት፣ ፎሙን ቆፍራችሁ አውጡ፣ አፉን ቁረጡ። ላይኛው ገፅ ቢያጣብቅ አትደንግጡ፣ ሰም የሌለው ሬዚን አየር የሚነካው ገፁ ሙሉ በሙሉ አይደርቅም፣ በአሴቶን ጠርጉት።

ማለስለሱ ትዕግስት ነው የሚፈልገው እንጂ ሚስጥር የለውም፣ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ስቱኮ፣ 180፣ ፕራይመር፣ 320፣ በመጨረሻ 600 በውሃ። የፋይበር አቧራ ቆዳ ላይ ያሳክካል፣ ሳንባም ይጎዳል፣ ረጅም እጅጌ ልብስና የአቧራ ማስክ አድርጉ። ውስጠኛውንም አለስልሱት፣ አየሩ የሚነካው እሱን ነው፣ ተንጠልጥሎ የቀረ ክር ተነቅሎ ወደ ፊልትሮ እንዳይሄድ አንድ ንብርብር ሬዚን ደግማችሁ ቀቡት።

ኮፈኑን መቁረጥ

ሁለት ሰው ሆናችሁ ኮፈኑን ከማጠፊያው ፍቱት፣ ከመፍታታችሁ በፊት የብሎኖቹን ቦታ በማርከር ክበቡ፣ ስትመልሱት ክፍተቱ እንዳይዛባ። ለስላሳ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጡት፣ ከስር ያለውን የሙቀት መከላከያ ምንጣፍ አውጡ። ስኩፑን አስቀምጣችሁ ዙሪያውን አስምሩ፣ ከዛ ከክንፉ ውስጠኛ ጠርዝ አንድ ሳ.ሜ ተኩል ወደ ውስጥ ገብታችሁ ሌላ መስመር አስምሩ፣ የሚቆረጠው እሱ ነው። ማስፋት ሁሌም ይቻላል፣ ማጥበብ አይቻልም።

በአራቱ ጥግ በ10 ሚሊ ቡንታ ብሱ፣ ስለታም ጥግ ከተዋችሁ ላሜራው ከንዝረቱ የተነሳ ከዛ ይሰነጠቃል። ቀዳዳዎቹን በጂግሶና ጥርሱ ደቃቅ በሆነ የብረት ምላጭ አገናኙ፣ ቀለሙን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑት፣ የጂግሶውን እግርም ሸፍኑት። ግራይንደር ይፈጥናል ግን ብልጭታው ቀለምና መስታወት ላይ ተጣብቆ በሳምንቱ ዝገት ይሆናል፣ ሌላ ከሌላችሁ ብቻ። ጠርዙን በሞረድ አለስልሱና በዛው ቀን አንቲረስት ቀቡት፣ ለነገ አትበሉ።

ማሰሪያው ላይ አንድ ምክር አለኝ። ብዙ ሰው ስኩፑ ከኮፈኑ ጋር አንድ አካል እንዲመስል መገናኛውን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ይቀባዋል፣ በሙቀትና በንዝረት ብረቱና ፋይበሩ እኩል ስለማይላወሱ መገናኛው ላይ መስመር ሆኖ ይሰነጠቃል። ይልቅ መገናኛው ይታይ፣ በክንፉ ስር የፊት መስታወት የሚጣበቅበትን ፖሊዩሪታን ማጣበቂያ አድርጋችሁ በ6 ሚሊ ብሎኖች ከ8 እስከ 10 ሳ.ሜ እየራቃችሁ እሰሩት፣ ከስር ሰፊ ሮንዴላ ወይ የአሉሚኒየም ቁራጭና ናይለን ያለው ዳዶ። ከስሩ የተፈታ ዳዶ ወደ ሞተር መንገድ እንዳይወድቅ ተራ ዳዶ አትጠቀሙ።

ማሸጊያው፣ ዋናው ስራ

የፊልትሮውን ቤት ላዩ ክፍት የሆነ ሳጥን አድርጋችሁ ትሰሩታላችሁ፣ ከ1.5 ሚሊ የአሉሚኒየም ላሜራ ወይ ከዛው ከፋይበር፣ ግን ፋይበሩን ከጭስ ማውጫው አርቁ፣ ተራ ፖሊስተር ሬዚን ከ60፣ 70 ዲግሪ ጀምሮ ይለሰልሳል። የሳጥኑ ላይኛ ጠርዝ ላይ 25 ሚሊ ውፍረት ያለው ስፖንጅ ጎማ ለጥፉ፣ ኮፈኑ ሲዘጋ ስፖንጁ ወደ 15 ሚሊ ይጨመቅና ከስኩፑ ቀዳዳ ዙሪያ ጋር ይገጥማል። ስፖንጁ ቀዳዳው የተዘጋው አይነት ይሁን፣ እንደ በር ጎማ ያለው፣ የፍራሽ ስፖንጅ ውሃ ጠጥቶ ይበሰብሳል።

መግጠሙን በሁለት መንገድ አረጋግጡ። አንደኛ የስፖንጁን አናት በጠመኔ ቀቡና ኮፈኑን ዘግታችሁ ክፈቱ፣ ኮፈኑ ስር ሙሉ ቀለበት መታየት አለበት፣ የተቋረጠበት ቦታ ትኩስ አየር የሚገባበት ነው። ሁለተኛ ማታ ጨለማ ውስጥ የበራ የስልክ መብራት ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጡ፣ የስኩፑን አፍ በጨርቅ ድፈኑ፣ ኮፈኑን ዝጉና በግሪሉና በጎማው በኩል እዩ፣ ብርሃን ካያችሁ ቀዳዳ አለ። እኔ የመጀመሪያ ስራዬን ስጨርስ የአየሩ ሙቀት ሁለት ዲግሪ ብቻ ነው የቀነሰው፣ ሳምንት ሙሉ ስኩፑን ስከስ ቆይቼ በብርሃኑ ሳየው ከሳጥኑ ጀርባ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበረው፣ እሱን ስዘጋው ነው ቁጥሩ የወረደው።

ማፍ ሴንሰር (የሚገባውን አየር መጠን የሚለካ) ያለው መኪና ከሆነ ሴንሰሩን ከነፋብሪካ ቤቱ ተጠቀሙ፣ የቱቦው ስፋት ከተቀየረ ኮምፒውተሩ የሚያነበው የአየር መጠን ይሳሳታል፣ ከፊቱም ቀጥ ያለ ቱቦ ይኑር፣ አየሩ እየተሽከረከረ ከደረሰው ንባቡ ይዘላል። ከሞተሩ የሚመጣው የዘይት ትንፋሽ ቱቦ ከሴንሰሩ በኋላ የነበረ ከሆነ እዛው ይቆይ። ካርቡሬተር ከሆነ ደግሞ የነዳጅ ቤቱ መተንፈሻ የሳጥኑን ግፊት ማግኘት አለበት፣ ሳጥኑ ውስጥ ግፊት ኖሮ መተንፈሻው ከውጪ ከሆነ ነዳጁ ይቀንስና ሞተሩ በደረቁ ይነዳል፣ ይሄ ፒስተን ያቃጥላል።

ውሃው

ውሃ አይጨመቅም። ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ፒስተኑ ወደላይ ሲመጣ የሚሸሽበት የለውም፣ የሚታጠፈው ቢዬላው (ፒስተኑን የያዘው ዘንግ) ነው፣ ያ ደግሞ የሞተር ፍፃሜ ነው። ስለዚ የስኩፑ አፍና ፊልትሮው በአንድ መስመር አይሁኑ፣ መሀላቸው ውሃው መትቶት የሚወድቅበት ዘንበል ያለ ላሜራ አድርጉ፣ ከሱ በኋላ አየሩ ወደላይ ታጥፎ ወደ ፊልትሮ ይሂድ። በሳጥኑ ዝቅተኛ ቦታ 8 ሚሊ የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ብሱ፣ ጫፉ የተሰነጠቀ አጭር የጎማ ቱቦ አድርጉላቸው፣ ውሃ ሲጫነው ይከፈታል፣ ሌላ ጊዜ ራሱ ይዘጋል። አፉ ላይ ለቅጠልና ለጠጠር ሰፊ አይን ያለው ወንፊት፣ ለከባድ ዝናብ ደግሞ የሚገጠም ክዳን። ክዳኑ ሲገጠም ሞተሩ እንዳይታፈን በሳጥኑ ጎን የሚከፈት ሌላ መግቢያ ተዉ።

ሞተሩ ጠፍቶ የአትክልት ውሃ ቱቦ ይዛችሁ አፉ ላይ 5 ደቂቃ ልቀቁበት፣ ከዛ ክፈቱና የፊልትሮውን ውስጠኛ ጎን በነጭ ወረቀት ንኩት። ወረቀቱ ከረጠበ መኪናውን አታስነሱ፣ ላሜራውን አስተካክላችሁ ድገሙ።

ስትጨርሱ

በዛው መንገድ፣ በተቀራረበ የውጪ ሙቀት፣ በዛው ፍጥነት ሙቀቱንም ማኖሜትሩንም ድጋሚ አንብቡ። የሚገባው አየር ከውጪው ከ5 ዲግሪ ባልበለጠ ከተጠጋ ተሳክቶላችኋል። በኦቢዲው የረጅም ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያውንም (ኮምፒውተሩ የሚጨምረውን ወይ የሚቀንሰውን ነዳጅ) እዩ፣ ከቀድሞው በጣም ርቆ ከ10 ፐርሰንት በላይ ወደ ፕላስ ከሄደ ከማፍ ሴንሰሩ በኋላ አየር የሚሰርቅ ቀዳዳ አለ፣ የቱቦ ማጥበቂያዎቹን አንድ በአንድ ፈትሹ። ሙሉ ነዳጅ ስትሰጡ የመተንፈስ ድምፁ ይጨምራል፣ እሱ ጤነኛ ነው። ኮፈኑ በፍጥነት ሲሄድ ጠርዙ ላይ የሚርገበገብ ከሆነ ግን ቶሎ አቁሙና መቆለፊያውንና ሁለተኛውን የደህንነት መንጠቆ እዩ፣ የስኩፑ ክብደትና ነፋሱ ስለሚስበው ሁለቱም በትክክል መያዝ አለባቸው። የመጀመሪያው 500 ኪ.ሜ ላይ ብሎኖቹን ደግማችሁ አጥብቁ፣ ስፖንጁንም እዩት፣ ሞተሩ እየተወዛወዘ በአንድ ጎን ከበላው ያኛውን ቁራጭ ብቻ ቀይሩ።